ከቲልበሪ ወደብ እስከ ብሪስቶል አውቶቡስ፦ ከጦርነቱ በኋላ ብሪታኒያን የለወጡ ሠራተኞች

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ብሪታኒያ ከድል አድራጊዎቹ መንግሥታት አንዷ ነበረች። ይሁን እንጂ ድሉ የተገኘው በከባድ ዋጋ ነበር። ከተሞቿ በአየር ድብደባ ፈራርሰዋል፤ ካዝናዋ በዕዳ ተይዟል፤ ፋብሪካዎቿና የባቡር ሐዲዶቿ አርጅተዋል፤ ሕዝቧም ምግቡን በራሽን ኩፖን እየተሰፈረለት ይኖር ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሃያ አምስት ዓመታት አገሪቱ ሦስት ታላላቅ ለውጦችን በአንድ ጊዜ አስተናግዳለች። ለዜጎቿ ሁሉ የሚደርስ የማኅበራዊ ዋስትና ሥርዓት ዘረጋች፤ በዓለም ዙሪያ የያዘቻቸውን ቅኝ ግዛቶች አንድ በአንድ ለቀቀች፤ ከእነዚያው ግዛቶች በመጡ ሠራተኞች ጉልበትም ኢኮኖሚዋን አነሣች።

ይህ ጽሑፍ በሦስተኛው ለውጥ ላይ ያተኩራል። ከባሕር ማዶ የመጣው ሠራተኛ በሕግ ፊት ማን ነበር? በሥራ ቦታና በመኖሪያ ሰፈርስ ምን ገጠመው? ሕግ የሰጠውን መብት በተግባር ለማግኘት ምን ማድረግ አስፈለገው? መልሱ የዚያን ዘመን የብሪታኒያ ፖለቲካና ባህል በሰፊው ያሳያል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከፍርስራሽ መካከል የተገባ ቃል

ጦርነቱ ገና ሳያልቅ፣ በዲሴምበር 1942፣ ዊልያም ቤቨሪጅ የተባሉ የኢኮኖሚና የማኅበራዊ ጉዳይ ሊቅ ለመንግሥት አንድ ዘገባ አቀረቡ። ዘገባው ከጦርነቱ በኋላ መሸነፍ ያለባቸውን አምስት ጠላቶች ዘረዘረ፦ ድህነት፣ በሽታ፣ ድንቁርና፣ የተጎሳቆለ መኖሪያና ሥራ አጥነት። ሰነዱ ለመንግሥት ወረቀት ባልተለመደ ሁኔታ በብዛት ተሸጠ፤ ወታደሩም ሠራተኛውም አነበበው።

በጁላይ 1945 በተካሄደው ምርጫ ሕዝቡ በጦርነቱ ጊዜ የመሩትን ዊንስተን ቸርችልን ከሥልጣን አውርዶ የሠራተኞች ፓርቲን መረጠ። በክሌመንት አትሊ የሚመራው ይህ ፓርቲ 393 የምክር ቤት መቀመጫዎችን አገኘ። መራጩ ለቸርችል ያለውን አክብሮት ባያጣም፣ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ የታየው ሥራ አጥነትና ችግር እንዲደገም አልፈቀደም። አዲሱ መንግሥት የእንግሊዝ ባንክን በ1946፣ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ማውጫዎችን በ1947፣ የባቡር ድርጅቶችን በ1948 በመንግሥት ይዞታ ሥር አደረገ።

ከሁሉ ይልቅ በሕዝቡ ልብ ውስጥ የቀረው ሥራ ግን በጁላይ 5 ቀን 1948 የተጀመረው ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ነው። የጤና ሚኒስትሩ አናይሪን ቤቫን ከዌልስ የከሰል ማዕድን ቤተሰብ የወጡ ሰው ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውም ነዋሪ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ በቅድሚያ ገንዘብ አይጠየቅም ነበር፤ ወጪውን በዋናነት የሚሸፍነው ከሕዝብ የሚሰበሰበው ግብር ነው። ፍላጎቱ ከታሰበው በላይ በመሆኑ መንግሥት በ1951 ለሰው ሠራሽ ጥርስና ለመነጽር ክፍያ እንዲኖር ወሰነ፤ ቤቫንም በዚህ ምክንያት ከሥልጣናቸው ለቀቁ። መሠረቱ ግን አልተናወጠም።

ሆኖም ሆስፒታል ያለ አስታማሚ፣ አውቶቡስ ያለ አሽከርካሪ፣ ግንባታም ያለ ግንበኛ አይሆንም። የአዲሱ ሥርዓት ትልቁ እጥረት የሰው ጉልበት ነበር።

አንድ መርከብና አንድ ሕግ

መንግሥት ሠራተኛ ፍለጋ መጀመሪያ ያማተረው ወደ አውሮፓ ነበር። በጦርነቱ ከብሪታኒያ ጎን ተሰልፈው ወደ አገራቸው መመለስ ያልቻሉ ፖላንዳውያን በ1947 በወጣ ሕግ እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ ከመጠለያ ካምፖች የተመለመሉ የባልቲክና የዩክሬን ተወላጆችም ለእርሻ፣ ለማዕድንና ለጨርቃ ጨርቅ ሥራ ገቡ። ከአየርላንድ የሚመጣው ሠራተኛም ብዙ ነበር።

በጁን 1948 መጨረሻ ግን የዘመኑ ምልክት ሆኖ የቀረ ሌላ ክሥተት ተፈጸመ። «ኢምፓየር ዊንድረሽ» የተባለችው መርከብ ከካሪቢያን ደሴቶች ተነሥታ በቴምዝ ወንዝ አፍ በሚገኘው የቲልበሪ ወደብ መልሕቋን ጣለች፤ መንገደኞቿም ጁን 22 ቀን ወረዱ። ከአንድ ሺህ በላይ ከሚሆኑት መንገደኞች ከ800 የሚበልጡት ከካሪቢያን አካባቢ የተሳፈሩ ነበሩ። ከጃማይካ በወታደር ማረፊያው ወለል ለመጓዝ 28 ፓውንድና 10 ሺሊንግ መክፈል ነበረባቸው፤ ይህም በዚያን ጊዜ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ብዙዎቹ በጦርነቱ ወቅት በብሪታኒያ አየር ኃይል ያገለገሉና አገሩን የሚያውቁ ነበሩ።

ሲደርሱ ማረፊያ ያልነበራቸው ከ200 በላይ የሚሆኑት በደቡብ ለንደን ክላፓም በሚገኝ፣ ለአየር ድብደባ መጠለያነት በተቆፈረ የምድር ውስጥ ዋሻ እንዲያድሩ ተደረገ። ለመጠለያው የሚቀርበው የሥራ አገናኝ ቢሮ በብሪክስተን ሰፈር ነበር። ብሪክስተን በኋላ የካሪቢያን ማኅበረሰብ ዋና መኖሪያ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

መርከቧ በደረሰችበት ዕለት 11 የገዢው ፓርቲ የምክር ቤት አባላት ለጠቅላይ ሚኒስትር አትሊ ደብዳቤ ጽፈው እንዲህ ያለው ጉዞ እንዲገደብ ጠየቁ። አትሊ የመለሱላቸው ጁላይ 5 ቀን፣ ማለትም የጤና አገልግሎቱ በተጀመረበት ዕለት ነበር። የብሪታኒያ ንጉሥ ተገዢ የሆነ ሰው ሁሉ ወደ አገሪቱ የመግባት መብቱ የቆየ ልማድ መሆኑን ገለጡ።

በዚያው ዓመት የጸደቀው የብሪታኒያ የዜግነት ሕግም ይህን ልማድ በጽሑፍ አጸና። ሕጉ «የዩናይትድ ኪንግደምና የቅኝ ግዛቶች ዜጋ» የሚል አንድ የጋራ ዜግነት ፈጠረ። በለንደን የተወለደና በኪንግስተን የተወለደ ሰው በሕግ ፊት አንድ ዓይነት ዜግነት ነበራቸው። የሕጉ አርቃቂዎች ዋና ሐሳብ ካናዳ የራሷን ዜግነት ካወጀች በኋላ የግዛቱን አንድነት በሌላ መንገድ ማቆየት ነበር፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው መብቱን ተጠቅሞ ይመጣል ብለው አልጠበቁም። ስለዚህ በቲልበሪ የወረዱት ሰዎች ወደ ባዕድ አገር የገቡ እንግዶች አልነበሩም፤ በሕጉ መሠረት ዜጎች ነበሩ። የኋለኛው ክርክር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነጥብ ነው።

ሥራ ተገኘ፣ ቤት ጠፋ

ሥራ ማግኘቱ አስቸጋሪ አልነበረም። ሆስፒታሎች ከካሪቢያን ወጣት ሴቶችን እየተቀበሉ በነርስነት አሠለጠኑ። የለንደን ትራንስፖርት ድርጅት በ1956 ባርቤዶስ ድረስ ሄዶ ሠራተኞችን መመልመል ጀመረ፤ የባርቤዶስ መንግሥትም ከደመወዛቸው የሚከፈል የመጓጓዣ ብድር ሰጣቸው። ይሁንና በሙያው የተካነ ብዙ ሰው ከችሎታው በታች በሆነ ሥራ ተመደበ። ከነርሶቹም ብዙዎቹ ወደ ዝቅተኛው የሥልጠና ዘርፍ እንዲገቡ ተደርገዋል፤ በዚያ የሚገኘው ምስክር ወረቀት ደግሞ ለዕድገት እምብዛም አይጠቅምም ነበር።

ከሥራው ይልቅ የከበደው የመኖሪያ ቤት ጉዳይ ነበር። በጦርነቱ ብዙ ቤት በመውደሙ እጥረቱ ለነባሩ ነዋሪም ከባድ ነበር። ጥቁር ተከራይ የማይፈልጉ አከራዮች ይህንኑ በማስታወቂያቸው ላይ በግልጽ ይጽፉ ነበር፤ ይህን የሚከለክል ሕግ አልነበረም። የተገኘው ክፍል ጠባብና ውድ ስለነበር ብዙዎች በአንድ ክፍል ውስጥ በፈረቃ እስከ መተኛት ደረሱ።

ባንክ ብድር ሲከለክላቸው የካሪቢያን ሰዎች ከአገራቸው ይዘውት የመጡትን አንድ ልማድ ተጠቀሙ። ጃማይካውያን «ፓርድነር» ይሉታል። የሚተማመኑ ሰዎች በየሳምንቱ እኩል ገንዘብ ያዋጣሉ፤ የተሰበሰበውንም በየተራ አንድ ሰው ይወስዳል። ዕቁብ የሚያውቅ አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ብዙ ቤተሰቦች የመጀመሪያ ቤታቸውን ቀብድ የከፈሉት በዚህ መንገድ ነው።

የሰፈሩ ውጥረት በኦገስት 1958 መጨረሻ ፈነዳ። በመጀመሪያ በኖቲንግሃም ከተማ፣ ቀጥሎም በምዕራብ ለንደን ኖቲንግ ሂል ሰፈር ነጭ ወጣቶች በካሪቢያን ነዋሪዎች ላይ ጥቃት ፈጸሙ። ዘጠኝ ወጣቶች ለፍርድ ቀርበው እያንዳንዳቸው የአራት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በሜይ 1959 ደግሞ ኬልሶ ኮክሬን የተባለ የአንቲጓ ተወላጅ አናጢ በዚያው አካባቢ መንገድ ላይ ተገደለ፤ በግድያው የተፈረደበት ሰው የለም። ቀብሩ ላይ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ተገኝቷል።

መድረኩና መንገዱ

በእነዚሁ ዓመታት ብሪታኒያ ስለ ራሷ ያላት ሥዕልም እየተለወጠ ነበር። በ1953 የንግሥት ኤልሳቤጥን የዘውድ በዓል ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው በቴሌቪዥን ተመለከተ፤ ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥን የየቤቱ ዕቃ ሆነ። የምግብ ራሽን በጁላይ 1954 ሙሉ በሙሉ ተነሣ። ደመወዝ አደገ፤ ወጣቱም የራሱ ገንዘብ፣ የራሱ ልብስና የራሱ ሙዚቃ ያለው ትውልድ ሆነ።

1956 የመታጠፊያ ዓመት ነበር። ግብፅ የስዊዝ ቦይ ኩባንያን የሕዝብ ንብረት ስታደርግ ብሪታኒያ ከፈረንሳይና ከእስራኤል ጋር ሆና ጦር አዘመተች፤ በአሜሪካና በተባበሩት መንግሥታት ግፊት ግን ጦሯን አስወጣች። ጠቅላይ ሚኒስትር አንቶኒ ኤደንም በጃንዩዋሪ 1957 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። የታላቅ ግዛት ዘመን ማብቃቱን ለብሪታኒያውያን ያስረዳቸው ይህ ክሥተት ነው። በዚያው ዓመት የጆን ኦዝበርን ተውኔት በለንደን ሮያል ኮርት ቴአትር ቀርቦ የተማረውን ግን ቦታ ያጣውን የሠራተኛ ልጅ ቁጣ ወደ መድረክ አወጣ። የትሪኒዳድ ተወላጁ ሳሙኤል ሴልቨንም የስደተኛውን የለንደን ኑሮ በካሪቢያን አነጋገር የሚተርክ ልብ ወለድ አሳተመ።

ከኖቲንግ ሂሉ ጥቃት በኋላ ክላውዲያ ጆንስ የተባለች የትሪኒዳድ ተወላጅ ጋዜጠኛ በጃንዩዋሪ 1959 በሴንት ፓንክራስ የከተማ አዳራሽ የካሪቢያን ካርኒቫል አዘጋጀች። ከገቢው የተወሰነው በጥቃቱ ጊዜ ለታሰሩ ወጣቶች የቅጣት ክፍያ እንዲውል ታሰበ። በ1966 ኖቲንግ ሂል ውስጥ የተጀመረው የጎዳና በዓል በዚህ ሐሳብ ላይ የተጨመረ ሲሆን፣ ዛሬ በአውሮፓ ከሚታወቁት ታላላቅ የአደባባይ በዓላት አንዱ ሆኗል።

የብሪስቶል አውቶቡስ

በምዕራብ እንግሊዝ የምትገኘው የወደብ ከተማ ብሪስቶል በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጥቂት ሺህ የካሪቢያን ነዋሪዎች ነበሯት። የከተማዋ አውቶቡስ ድርጅት የመንግሥት ንብረት ነበር፤ ሠራተኛም ያጥረው ነበር። ሆኖም ጥቁርና እስያዊ ሠራተኞችን በጥገናና በመስተንግዶ ክፍል ብቻ እንጂ በአሽከርካሪነት ወይም በትኬት ቆራጭነት አይቀጥርም ነበር። በለንደንና በሌሎች ከተሞች ይህ ሥራ ለእነርሱ ክፍት ሆኖ ሳለ በብሪስቶል ተዘግቶ ቆየ።

ክልከላው የአሠሪው ብቻ አልነበረም። የአካባቢው የትራንስፖርት ሠራተኞች ማኅበር አባላት በ1955 ጥቁር ሠራተኞች በአውቶቡስ ላይ እንዳይመደቡ ድምፅ ሰጥተው ነበር። ምክንያታቸው ከዘር ጥላቻ በተጨማሪ የገቢ ስጋት ነበር። መደበኛ ደመወዛቸው ዝቅተኛ በመሆኑ በትርፍ ሰዓት ክፍያ ይደጉሙት ነበር። የሠራተኛ እጥረቱ ከተሟላ ትርፍ ሰዓቱ ይቀርብናል ብለው ፈሩ። በዚህም ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፍለው አሠሪ ከጥያቄ ሲያመልጥ፣ ቅሬታው በሌላ ሠራተኛ ላይ ዐረፈ።

በ1963 የጸደይ ወራት ፖል ስቲቨንሰን የተባለ የወጣቶች ጉዳይ ሠራተኛ ክልከላውን በማያሻማ መንገድ ለማሳየት ወሰነ። ጋይ ቤይሊ ለተባለ፣ ሥራውን ለማግኘት የሚያስፈልገውን ሁሉ ለሚያሟላ ወጣት ቃለ መጠይቅ አስያዘ። ድርጅቱ አመልካቹ የካሪቢያን ተወላጅ መሆኑን ባወቀ ጊዜ ቀጠሮውን ሰረዘ። ሮይ ሃኬት፣ ኦወን ሄንሪና ጓደኞቻቸው ያቋቋሙት የምዕራብ ኢንዲስ ልማት ምክር ቤትም በኤፕሪል 30 ቀን ማንም በድርጅቱ አውቶቡስ እንዳይሳፈር አድማ ጠራ። ከስምንት ዓመት በፊት በአሜሪካ ሞንትጎሞሪ ከተማ የተደረገው ተመሳሳይ አድማ አርአያ ሆኗቸዋል።

አድማው ከካሪቢያን ማኅበረሰብ አልፎ ሰፋ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ፤ ፖለቲከኛው ቶኒ ቤን ድጋፉን ሰጠ፤ የተቃዋሚው መሪ ሃሮልድ ዊልሰንም ክልከላውን አወገዙ። በለንደን የትሪኒዳድና ቶቤጎ ከፍተኛ ኮሚሽነር የነበሩት ሌሪ ኮንስታንቲን በይፋ ተናገሩ። ኮንስታንቲን ስመ ጥር የክሪኬት ተጫዋች ነበሩ፤ በ1943 አንድ የለንደን ሆቴል በቀለማቸው ምክንያት ቢከለክላቸው ከሰው በ1944 ያሸነፉ ሰው ናቸው።

ከአራት ወር ድርድር በኋላ፣ ኦገስት 27 ቀን፣ 500 ያህል የአውቶቡስ ሠራተኞች ተሰብስበው ክልከላው እንዲነሣ ተስማሙ። በማግሥቱ የድርጅቱ ኃላፊ ውሳኔውን ይፋ አደረጉ። ዕለቱ ማርቲን ሉተር ኪንግ በዋሽንግተን ታሪካዊ ንግግራቸውን ያደረጉበት ቀን ነበር። በሴፕቴምበር 17 ራግቢር ሲንግ የተባለ የሲክ እምነት ተከታይ በከተማዋ የመጀመሪያው ነጭ ያልሆነ ትኬት ቆራጭ ሆነ፤ ሁለት ጃማይካውያንና ሁለት ፓኪስታናውያንም ተከተሉት። የቀድሞውን የሠራተኛ ማኅበር የወረሰው ዩናይት የተባለው ማኅበር በ2013 ስለ ተፈጸመው በደል ይቅርታ ጠይቋል።

በሩ ሲጠብ፣ ጥበቃው ሲሰፋ

የብሪስቶሉ ድል አንድ ክፍተት አጋለጠ፤ ድርጅቱ የጣሰው ሕግ አልነበረም። በ1964 ሥልጣን የያዘው የዊልሰን መንግሥት በ1965 የመጀመሪያውን የዘር ግንኙነት ሕግ አወጣ። ሕጉ በሆቴል፣ በምግብ ቤት፣ በመጓጓዣና በመሳሰሉት የሕዝብ መገልገያዎች አድልዎን ከለከለ፤ ሥራንና መኖሪያ ቤትን ግን አልነካም። እነዚህ ሁለቱ የተካተቱት በ1968 ሕግ ነው።

በሌላ በኩል የመግቢያው በር እየጠበበ ሄደ። የወግ አጥባቂው መንግሥት በ1962 ያወጣው ሕግ የኮመንዌልዝ ዜጎች ለሥራ ለመግባት ልዩ የፈቃድ ወረቀት እንዲይዙ አስገደደ። ሕጉ ያልታሰበ ውጤትም ነበረው። ብዙዎች በሩ ሳይዘጋ ለመግባት ተጣደፉ፤ ሠርቶ ለመመለስ ያሰበውም «ከወጣሁ አልመለስም» ብሎ ቤተሰቡን አስመጣ። በ1968 መጀመሪያ ደግሞ ከኬንያ እየለቀቁ የነበሩትን የብሪታኒያ ፓስፖርት የያዙ እስያውያን ለመግታት አዲስ ሕግ በሦስት ቀን ውስጥ በምክር ቤት አለፈ። ፓስፖርት ብቻውን በቂ መሆኑ ቀረ፤ ባለ ፓስፖርቱ፣ ወላጁ ወይም አያቱ በብሪታኒያ መወለድ ወይም በሌላ መንገድ ከአገሪቱ ጋር መተሳሰር ነበረበት።

በኤፕሪል 20 ቀን 1968 የምክር ቤት አባሉ ኢኖክ ፓውል በበርሚንግሃም ስደትን አጥብቆ የሚቃወም ንግግር አደረገ። የፓርቲው መሪ ኤድዋርድ ሂዝ ከአመራር አባልነቱ አነሡት፤ የለንደን ወደብ ሠራተኞች ግን ደግፈውት ሰልፍ ወጡ። ያው ሥርዓት አድልዎን በሕግ እየከለከለ፣ የመግቢያ ሕጉን ደግሞ በትውልድ መለኪያ እየሠራ ነበር። የሁለቱም ፓርቲዎች መሪዎች ሁለቱን በአንድነት ማስኬድ ይቻላል የሚል እምነት ነበራቸው።

በወረቀት ያልተያዘ መብት

በጃንዩዋሪ 1973 ሥራ ላይ የዋለው የ1971 የኢሚግሬሽን ሕግ ቀደም ብለው ገብተው የኖሩት ሰዎች የመኖር መብታቸው እንደተጠበቀ ደነገገ። ነገር ግን መንግሥት ስም ዝርዝራቸውን አልመዘገበም፤ ማረጋገጫ ወረቀትም አልሰጣቸውም። በልጅነታቸው በወላጆቻቸው ፓስፖርት የገቡ ብዙዎች ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ ሥራ ይዘው፣ ግብር ከፍለው፣ ልጅ ወልደው ሲኖሩ ወረቀት የጠየቃቸው አልነበረም።

በ2010 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የድሮውን የመግቢያ ካርዶች አስወገደ። በ2014 እና በ2016 የወጡት ሕጎች ደግሞ አከራይና ባንክን ጨምሮ ብዙ አካላት የሰውን የመኖሪያ ሁኔታ እንዲያረጋግጡ አደረጉ። በዚያን ጊዜ በስድሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ሰዎች ለኖሩበት ለእያንዳንዱ ዓመት ማስረጃ እንዲያመጡ ተጠየቁ። ማቅረብ ያልቻሉት ሥራቸውን፣ ቤታቸውን ወይም ሕክምናቸውን አጡ፤ የታሰሩና ከአገር የተባረሩም አሉ። ጉዳዩ በ2018 በጋዜጦች ሲገለጥ ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ ይቅርታ ጠየቁ፤ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ አምበር ራድም ከሥልጣን ለቀቁ። በ2019 የካሣ ሥርዓት ተቋቋመ፤ በ2020 የወጣው ገለልተኛ ምርመራም ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታወቅና ሊወገድ ይችል እንደነበር አረጋገጠ።

ከ2018 ጀምሮ ጁን 22 ቀን በብሪታኒያ «የዊንድረሽ ቀን» ተብሎ ይከበራል። በ2022 በለንደን ዋተርሉ ባቡር ጣቢያ ለዚያ ትውልድ መታሰቢያ ሐውልት ቆሟል።

የዚህ ታሪክ ሁለት ክፍሎች በየአገሩ ለሚኖር ሠራተኛ ሁሉ የሚያስተምሩት አላቸው። በብሪስቶል ክልከላው የተነሣው የተከለከሉት ሰዎች በደሉን በማስረጃ አሳይተው፣ ሌሎችንም ከጎናቸው አሰልፈው በጽናት በመቆማቸው ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ በዊንድረሽ ትውልድ ላይ የደረሰው ደግሞ በሕግ ያለ መብት ማስረጃ ሲያጣ ምን እንደሚሆን ያሳያል። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ከእነዚያ አረጋውያን መካከል ጉዳያቸውን ለማስረዳት የቻሉት የድሮ የደመወዝ ደረሰኝ፣ የትምህርት ቤት ደብዳቤ ወይም የቤት ኪራይ ወረቀት በሣጥናቸው ያስቀመጡት ነበሩ።